«ሞቼ ልገኝ» ያሉኝ ሰው

የበደሉኝ ሰው ዶክተር ይልማ ናቸው። የበደሉኝም አንድ ሐሙስ ቀን፣ ዘ ሄግ ውስጥ፣ የጥናት ገንዘብ የሚሰጠው ኮሚቴ ፊት ቀርበን ሳለ ነው። ከጎናቸው ተቀምጬ ነበር። ክንዳችን ሊነካካ ምንም አልቀረውም።

ይህን ስጽፍ እሳቸው የሉም። ባለፈው ዓመት ቅጠል ሲረግፍ አምስተርዳም ውስጥ አረፉ። ልጃቸው ሩት ደወለችልኝ። ሩት ያደገችው እዚሁ ነው፤ ለትልቅም ለትንሽም «አንቺ» ነው የምትለው፣ ክፋት ግን የለባትም።

«ወርቅነሽ፣ ለፓፓ መታሰቢያ ትንሽ መጽሐፍ እያዘጋጀን ነው። አንቺም አንድ ገጽ ጻፊልን፤ ኢትስ ሞይስ፣ ቆንጆ ነገር። ፓፓ ሁልጊዜ ስላንቺ ያወራ ነበር እኮ።»

«ምን እያሉ?»

«‹ያለ ወርቄ ያን ገንዘብ አናገኝም ነበር› ይል ነበር።»

እጽፋለሁ አልኳት፤ ጻፍኩላትም። በዚያ ገጽ ላይ ያለው ሁሉ እውነት ነው። የቀረው እውነት ደግሞ እዚህ አለ።

ከደጉ ልጀምር፤ አለዚያ ምቀኛ ናት ትሉኛላችሁ። ዶክተር ይልማን ያወቅኋቸው ሮተርዳም ባለችው ትንሽ ጉባኤያችን ነው። የምንከራየው አዳራሽ በሌላው ቀን ዳንስ ይሰለጠንበት ስለነበር ግድግዳው ሁሉ መስታወት ነው፤ ስንጸልይ ዓይናችንን የምንጨፍነው ግማሹ ለእግዚአብሔር፣ ግማሹ ራሳችንን ላለማየት ነበር። እኔ ያኔ ቢሮ አጸዳ ነበር። አገር ቤት ስለ ገጠር ኅብረተሰብ ተምሬ፣ ደብረ ዘይት ዙሪያ ዶሮ የሚያረቡ ሴቶችን እያነጋገርኩ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። እዚህ መጥቼ ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። እሳቸው ከጸሎት በኋላ የወረቀት ኩባያ እንደያዙ ጠየቁኝ።

«ታዲያ እዚህ የሰው መስኮት ስትወለውዪ ምን ታደርጊያለሽ?»

«ደመወዝ እበላለሁ።»

እስኪያስላቸው ሳቁ። በማግስቱ ደወሉ። ዲፕሎማዬን የት እንደማስገምት ያሳዩኝ እሳቸው ናቸው። ብዙ ቅዳሜ ቢልመር፣ አምስተርዳም ዳር ባለው ፎቅ ቤታቸው፣ ራሳቸው ፓስታ ቀቅለው እያበሉኝ የደችኛ ሪፖርት አጻጻፍ አስተማሩኝ። ስሳሳት አይቆጡም፤ «ይህንን ሆላንዶቹም ይሳሳታሉ፣ አታካብጂው» ይሉኛል። በመጨረሻ እሳቸው በሚሠሩበት የምርምር ተቋም አስቀጠሩኝ። ይህን ያደረገልኝ ሌላ ሰው የለም። በደሉ የሚከብደውም ስለዚህ ነው፤ ባዕድ ቢያደርገው ኖሮ እስካሁን ረስቼው ነበር።

ረጅም፣ ትንሽ ጎበጥ ያሉ፣ ድምፃቸው የሚጣፍጥ ሰው ነበሩ። ዝናብ ቢዘንብም የማይከፍቱት ጃንጥላ ከእጃቸው አይለይም፤ መንገድ ይጠቁሙበታል፣ ሰው ይጠሩበታል። «እዚህ አገር በር ለሚያንኳኳ አይከፈትም፣ ለሚገፋ ነው» የምትል ንግግር ነበረቻቸው። ሌላም ነገር ነበራቸው። ማድረግ የማይገባቸውን ነገር ሊያደርጉ ሲሉ መነጽራቸውን ያወልቁና በክራባታቸው ጫፍ ይወለውላሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ለአንድ ሥራ ፈላጊ የድጋፍ ደብዳቤ ሲጽፉ ነው። ሰውየውን ያወቁት ባለፈው እሑድ ሆኖ ሳለ «የረጅም ጊዜ ወዳጄ» ብለው ሊጽፉ ሲሉ፣ መነጽሩ ወለቀ፣ ክራባቱ ተነሣ። ያን ቀን ለደግ ነገር ነበርና ሳቅሁ።

የቡድኑ ነገር እንዲህ ነው። እዚህ አገር የወፍ ጉንፋን ከዱር ወፎች ጋር ይመጣል። ዝይና ዳክዬ ያመጡታል፣ ዶሮ እርባታ ይገባል፣ ያኔ በግቢው ያለ ዶሮ በሙሉ ይወገዳል። ገንዘብ ሰጪዎቹ በሽታው ወደ ሰው እንዳይዘልቅ ፈርተው አዲስ ሐሳብ አመጡ፤ ለየብቻ አትምጡብን፣ የተለያየ ሙያ ያላችሁ አንድ ቡድን ሆናችሁ ኑ አሉ። ዶክተር ይልማ የእንስሳት ሐኪም ናቸው። የቫይረስ አጥኚውን፣ የዱር ወፍ ተመራማሪውን ዮሪስንና እኔን ያሰባሰቡት እሳቸው ናቸው።

«የቫይረሱ ሰው ወፉን አያውቅም፣ የወፉ ሰው ሰውን አያውቅም፤ እኔ ሁሉንም እኩል ስለማላውቅ አለቃ አደረጉኝ» እያሉ ያስቁን ነበር።

ገንዘቡ ካልተገኘ የሁላችንም ኮንትራት በዚያው ዓመት ያበቃል። የእኔም ጭምር። ገንዘቡን እኔም እፈልገው ነበር፤ አልፈለግሁም ብል ማንም አያምነኝም።

የእኔ ድርሻ ሰዎቹ ነበሩ። በየጓሮው ጥቂት ዶሮ የሚያረባ ሰው ዶሮ ሲሞትበት ለምን ለሐኪም አይደውልም? ይህን ነበር የማጠናው። ለዚህ ጥያቄ መልስ ካላቸው ሰዎች አንዱ ሃጂ ሰይድ ነበሩ።

ሃጂ ሰይድ የወሎ ሰው ናቸው። ወደቡ አጠገብ መጋዘን ውስጥ ሲሠሩ ኖረው ጡረታ ወጥተው፣ ዴልፍስሃቨን በሚባለው የሮተርዳም ሰፈር ከእኔ ቤት በታች ይኖሩ ነበር። ሆላንዶች ቮልክስታውን የሚሉት፣ ከከተማ ዳር በማኅበር የሚያዝ የአትክልት ቦታ ነበራቸው፤ እዚያ ጎመን ይተክላሉ፣ ዶሮም ያረባሉ። እሳቸው ያረዱትን እኔ አልበላም፣ እኔ ያሳረድኩትን እሳቸው አይበሉም፤ ይህን ሁለታችንም ከአገር ቤት ይዘነው የመጣን ነው፣ ተነጋግረንበትም አናውቅ። ስለዚህ በየፋሲካው አንዲት ዶሮ በሕይወቷ፣ እግሯን አስረው፣ በካርቶን ያመጡልኛል።

«እንቺ ልጄ፣ አንቺ በእምነትሽ» ይሉኛል በሩ ላይ።

የኮሚቴው ቀን ሊደርስ ሲል፣ እሑድ ከሰዓት አትክልት ቦታቸው ሄድኩ። ቀድሞ የቀዳኋቸውን ቃለ መጠይቅ ልጨርስ ነበር። መቅረጫውን ሳላወጣ ከጎመኑ ኋላ ወሰዱኝና አዲስ የተቆፈረ አፈር አሳዩኝ።

«ሁለቱ ሞቱብኝ። ቀበርኳቸው።»

«ሃጂ፣ መደወል እኮ አለብዎት።»

«ብደውል ነጭ ልብስ ለብሰው ይመጣሉ። ይህ ሁሉ ጎረቤት ያያል። ማኅበሩ ድሮም ዶሮዎቼን አይወዳቸውም፤ ሰበብ ነው የሚፈልገው።»

እስኪመሽ ተከራከርን። በሽታው ከሆነ ለሚያቅፏቸው ለራሳቸውም እንደሚያሰጋ ነገርኳቸው። በመጨረሻ፣ «እሺ፤ እኔ ደችኛው አይመቸኝም፣ ቅዳሜ አብረሽኝ ሁኚና እንደውል። እስከዚያ ለማኅበሩ ሊቀ መንበር በአፌ ልንገረው፤ ከሌላ ሰው ከሰማ ይቀየመኛል» አሉኝ። የሞተ ዶሮ ደብቆ የነበረ ሰው ራሱ ሊደውል ተስማማ። ጥናታችን ‹ይሆናል ወይስ አይሆንም?› ብሎ የሚጠይቀው ይኸንኑ ነበር፤ ሊሆን ነው። ስምዎንም ቦታዎንም ከእኔ ማንም አይሰማም ብዬ ቃል የገባሁላቸው ስንጀምር ነው፤ የተስማሙልኝ በዚያ ቃል ነው።

ሰኞ ለዶክተር ይልማ ነገርኳቸው። የቡድኑ መሪ ናቸው፣ ሐኪምም ናቸው፤ ቅዳሜ ይዘገይ እንደሆነ ማወቅ ነበረብኝ።

«ሌሎቹ ይበላሉ?» አሉኝ።

«ይበላሉ።»

«እንቁላልስ?»

«ይጥላሉ።»

«እንግዲያው ቅዳሜ ይደርሳል። ሰውየውን አታስበርግጊያቸው፤ ራሳቸው ቢደውሉ ነው የሚሻለው።»

«ዶክተር፣ ይህ ከእኛ እንዳይወጣ። ቃል ገብቻለሁ።»

ደረታቸውን በመዳፋቸው መቱ። «ሞቼ ልገኝ!»

ከዚያ ሰውየውን እስቲ ልያቸው ብለው ስልኬን ጠየቁኝ። ሃጂ ሰይድ ደሴ ላለችው ልጃቸው እንድልክላቸው ያነሣኋቸው ፎቶ ነበረኝ፤ ዶሮ በብብታቸው ይዘው በአትክልት ቦታቸው በር ላይ እየሳቁ። አሳየኋቸው። ስልኩን ተቀብለው ወደ መስኮቱ ዞር አሉ፤ ብርሃን ፈልገው መስሎኝ ነበር።

ረቡዕ ዕለት፣ በማግስቱ በምናቀርበው ስላይድ መጨረሻ ላይ ያንን ፎቶ አየሁት። ከስልኬ ወደ ራሳቸው ልከውት ኖሯል።

«ይህ ምን ይሠራል እዚህ?»

«ለጌጥ ነበር። ይወጣል፣ ይወጣል። አሁኑኑ አወጣዋለሁ።»

ሐሙስ ጠዋት እሳቸው፣ ዮሪስና እኔ በባቡር ወደ ዘ ሄግ ሄድን። ዮሪስ ጆሮው ውስጥ ማዳመጫ ሰክቶ መስኮት መስኮት ያያል። ዶክተር ይልማ ጃንጥላውን በጉልበታቸው መካከል አቁመው ስለ ሃጂ ሰይድ አንድ ቃል አላነሡም። ፎቶው ወጣ ወይ አልኳቸው። «አንቺ ደግሞ፣ ወጣ አልኩሽ!» አሉኝ።

ክፍሉ ጠባብ ነበር። ገምጋሚዎቹ ከጠረጴዛው ወዲያ፣ እኛ ወዲህ። ዶክተር ይልማ አሳምረው ተናገሩ፣ ዮሪስም ስለ ወፎቹ ደህና አለ። ከዚያ ጠጉሯን አጭር የተቆረጠች አንዲት ገምጋሚ ወደ እኔ ዞረች። እሷም የእንስሳት ሐኪም ናት።

«ሰዎች የሞተ ዶሮ አያስታውቁም ትላላችሁ። በምን አወቃችሁ?»

ብዙ አርቢ እንዳነጋገርኩ፣ ጎረቤትን እንደሚፈሩ፣ ዶሮዎቹ ሁሉ እንዳይወሰዱባቸው እንደሚሰጉ አስረዳሁ።

«ይህ አጠቃላይ ስሜት ነው። አንድ እውነተኛ ጉዳይ አላችሁ?»

«አለን። ግን ለሰዎቹ ቃል ገብቻለሁ፤ እዚህ ልናገረው አልችልም።»

አንድ ነገር ጻፈች። አጠገቧ ያለው ሰውዬ ወንበሩ ላይ ወደ ኋላ ተለጠጠ። ዮሪስ ጉሮሮውን ጠረገ። ነገሩ ከእጃችን እየወጣ እንደሆነ ሁላችንም ገባን። ያን ጊዜ የዶክተር ይልማ እጅ ወደ መነጽራቸው ሲሄድ አየሁ። አወለቁት። የክራባታቸውን ጫፍ አነሡ። ቀስ ብለው፣ አንዱን መስታወት፣ ከዚያ ሌላውን።

«ይቅርታ፣ ወርቄ» አሉኝ በአማርኛ፣ ፊታቸውን ወደ እኔ ሳያዞሩ። ቁልፉን ተጫኑ።

ሃጂ ሰይድ ግድግዳውን ሞልተው ወጡ። ዶሮዋ በብብታቸው፤ ከኋላቸው በሩ ላይ በሰማያዊ ቀለም የተጻፈው የማኅበሩ ስምና የቦታቸው ቁጥር።

«ይህ ሰው» አሉ ዶክተር ይልማ በዚያ በሚጣፍጥ ድምፃቸው፣ በደችኛ፣ «ሁለት ዶሮ ሞቶበት ቀብሯል። ለማንም አልደወለም። እናንተ በካርታችሁ ላይ የማታገኙትን ሰው የእኛ ቡድን በስሙ ይጠራዋል። ገንዘቡን የምንጠይቃችሁ ለዚህ ነው።»

ወደ ኋላ ተለጥጦ የነበረው ሰውዬ ቀና አለ። እንዳሸነፉ እሳቸውም አወቁ፣ እኔም አወቅሁ።

ሐኪሟ ግን ፎቶውን ትታ እሳቸውን ነበር የምታየው። «ዶክተር፣ እርስዎም ሐኪም ነዎት። እንዲህ ያለ ነገር የሰማ ሐኪም ማስታወቅ ግዴታው እንደሆነ ያውቃሉ። መቼ ሰሙ?»

መነጽሩ ገና እጃቸው ላይ ነበር።

«ዛሬ ጠዋት። ባልደረባዬ ባቡር ላይ ነገረችኝ።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

በባዕድ ፊት ታላቅን ውሸታም ማለት ነውር ነው ተብዬ ነው ያደግሁት። እሳቸውም እንደዚያው አድገዋል፤ ምን እንደማደርግ ከእኔ እኩል ያውቁ ነበር። ጥፋቱን ዮሪስ ላይ ቢጥሉት ዮሪስ እዚያው «አልነገርኩዎትም» ይል ነበር። እሱን አልመረጡም።

«ሰውየው ቅዳሜ ራሳቸው ሊደውሉ ነው» አልኩ።

«ዛሬ ሐሙስ ነው፣ እመቤት» አለች ሐኪሟ። «ይህን ይዘው መቆየት አልነበረብዎትም። እኔ ከሰዓት አስታውቃለሁ።»

ስንወጣ ኮሪደሩ ላይ ያዝኳቸው።

«ዶክተር፣ ቃልዎስ?»

«ወርቄ፣ ሰዎቹ እየወጡ ነው፤ ፈገግ በይ።»

«ሞቼ ልገኝ ብለውኝ ነበር።»

«ታዲያ ልሙትልሽ? የሚሄድባቸው ሐኪም እንጂ ፖሊስ አይደለም!» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ስሚኝ። ያ ቫይረስ ከዶሮ ወደ ሰው ቢዘል፣ የአንድ ሽማግሌ ምስጢር ጠበቅሁ ብለሽ በየትኛው አፍሽ ልትናገሪ ነው? ስንት ሰው ሊድን የሚችልበትን ጥናት ለሁለት የሞቱ ዶሮዎች ልተወው?»

ይህ ክርክር ባዶ አይደለም። ብዙ ጊዜ አውጥቼ አውርጄዋለሁ። ሁልጊዜም እዚሁ ላይ ይደርሳል፤ በሽታውን ፈርተው ቢሆን ሰኞ ሲሰሙ ያስታውቁ ነበር። ሰኞ ዕለት «ቅዳሜ ይደርሳል» ያሉኝ ሐኪም እሳቸው ናቸው። ሐሙስ ድረስ አስቀምጠው ያወጡት ገንዘብ በሚያመጣበት ቦታ ነው።

ወደ ሃጂ ሰይድ በቶሎ ደወልኩ፤ ስልካቸውን አላነሡም። አትክልት ቦታ ሲሆኑ ስልካቸውን ቤት ነው የሚተዉት። ሮተርዳም ደርሼ በትራም፣ ከዚያም በእግሬ ስሄድ፣ ሰዎቹ ቀድመውኛል። ነጭ ልብስ ለብሰው አፈሩን እየቆፈሩ ነበር። ጎረቤቶቹ በየአጥሩ ቆመው ያያሉ፣ አንዷ ስልክ አውጥታ ትቀርጻለች። ሃጂ ሰይድ ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው ዳር ላይ ቆመዋል። ከዶሮዎቹ ጉሮሮ በጥጥ ናሙና ሲወሰድ፣ እያንዳንዷ ስትያዝ «ቢስሚላህ፣ ቀስ፣ ቀስ» ይላሉ በአማርኛ፣ ማንም ሳይሰማቸው።

አዩኝ። «አንቺ ነሽ?»

«እኔ አልተናገርኩም፣ ሃጂ። የተናገሩት አለቃዬ ናቸው። ለእሳቸው የነገርኳቸው ግን እኔ ነኝ።»

«ቅዳሜ ልንደውል ነበር እኮ» አሉ።

ውጤቱ መጣ፤ የሞቱትም ያሉትም ከበሽታው ነጻ ናቸው። ሐኪሞቹ ደብዳቤ ጽፈው፣ ስለ ትብብርዎ እናመሰግናለን ብለው ሄዱ። የአትክልት ማኅበሩ ግን ስብሰባ ጠራ። ሊቀ መንበሩ ነገሩን ከሃጂ አፍ ሳይሆን ከነጭ ለባሾቹ መስማቱን ደጋግሞ ተናገረ። ከእንግዲህ በግቢው ዶሮ አይረባም ተብሎ ተወሰነ። ዴልፍስሃቨን ውስጥ ክርስቲያኑም እስላሙም በሩን ይዘጋብኝ ጀመር። ቀድሞ ሁለት ሰዓት ያወሩኝ የነበሩ ሰዎች፣ «ዛሬ አይመቸኝም፣ ወርቅነሽ» ይሉኛል በሩን ሳይከፍቱ፣ በደጁ መነጋገሪያ። አንዲት እናት ደግሞ ግልጹን ነገሩኝ፤ «ድምፄን አጥፊልኝ። የእኔም ፎቶ ግድግዳ ላይ ሳይወጣ።»

የኮሚቴው መልስ የደረሰው ሃጂ ሰይድ ዶሮዎቻቸውን በሚያርዱበት ሳምንት ነበር። ዶክተር ይልማ ደወሉልኝ። ከኋላቸው የቡድኑ ጩኸትና ጭብጨባ ይሰማል።

«ወርቄ! በሩን ገፋነው! ገባን!»

«ሃጂ ሰይድ ዘንድ ሄደው ይቅርታ ይጠይቁ።»

«እሄዳለሁ፣ እሄዳለሁ። ነይ እስቲ መጀመሪያ፤ ኬክ ተቆርጧል።»

«ለዚያች የኮሚቴው ሐኪምም ሰኞ እንደሰሙ ይንገሯት።»

በስልክ ነውና እጃቸውን አላየሁም፤ ግን መነጽራቸውን እየወለወሉ እንደነበር አውቃለሁ። ከዚያ፣ «ሰኞ ለድምፅ ቅጂዎቹ እንገናኝ። ያለ አንቺ ቃለ መጠይቆች መጀመር አንችልም» አሉኝ። ሃጂ ሰይድ ዘንድ እስከ ዕለተ ሞታቸው አልሄዱም።

በዚያው ቀን ሃጂ ሰይድ በሬን አንኳኩ። ካርቶን አልያዙም። በላስቲክ የተጠቀለለ፣ ሳይገነጠል ሙሉውን ያለ፣ የታረደ ዶሮ ነበር የያዙት።

«ፋሲካሽ ደርሷል» አሉ። «በሕይወቷ ላመጣልሽ አልቻልኩም፤ ሁሉንም ማረድ ነበረብኝ። የእኔ እጅ ነው ያረዳት፣ እንዳላታልልሽ ብዬ ነው የምነግርሽ። ካልሆነልሽ ለድመት ስጪያት፤ አልቀየምም።»

«ይግቡ፣ ሃጂ።»

«አይ። አብሽሪ» አሉኝና በደረጃው ወረዱ።

ሰኞ ቢሮ ሄድኩ። የቀዳኋቸውን ሰዎች አንድ በአንድ ጠይቄ ነበርና፣ ድምፃቸው እንዲጠፋ የፈለጉትን ሁሉ አጠፋሁ። የፈለጉትም ሁሉም ነበሩ። ለሐኪሟ ከኮሚቴው ቀን በፊት በነበረው ሰኞ ማን ለማን ምን እንደነገረ ጽፌ ላክሁላት፤ ደርሶኛል አለች፣ ሌላ የሰማሁት የለም። ቡድኑን ለቀቅሁ። ካፔለ አን ደን አይሰል በምትባለው ከተማ አንድ የአረጋውያን መኖሪያ ሥራ ገባሁ፣ አሁንም እዚያው ነኝ። የዶክተር ይልማን ስልክ ዳግመኛ አላነሣሁም።

በፋሲካው ዕለት የሃጂ ሰይድን ዶሮ ሠራሁ። ጥቂቱን በሳህን አድርጌ ወደ ታች ወርጄ ሰጠኋቸው፤ የራሳቸው እጅ ያረደው ስለሆነ ይበሉታል። የቀረውን ይዤ ወጣሁ፣ ጸለይኩ፣ በላሁ።